ዳካር ስትመጪ የምትበዪው

ዳካር፣ ማርች 6 ቀን 1997

ውድ ቱየት፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ልጄ አሳን ከፖስታ ቤት ይዞልኝ ሲመጣ ዓሣ እየፋቅሁ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ በሎሚ አሽቼ፣ እንደገና ታጥቤ ነው የከፈትኩት። የእህቴን የኛንን ማረፍ ግን ሳልከፍተውም አውቄዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በፖስታው ጀርባ ላይ የሚጻፈው የላኪ ስም የእሷ ነበር፤ አሁን ያንቺ ሆኖ አገኘሁት።

ነፍሷን ይማርልን። አንቺንም ያጽናሽ። እህቴን ለመጨረሻ ጊዜ ካየኋት አርባ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ እንግዲህ በዚህ ዓለም ላላያት ነው። ሁለት ቀን ምንም ሳልጠብስ ተቀመጥኩ። ሰፈርተኛው በምሸጠው ጥብስ ስም “ማዳም ኔም ታመመች እንዴ?” እያለ በሬን ሲያንኳኳ ሰነበተ።

ከሩዝ ነጋዴዎቹ ልዑካን ጋር ኤፕሪል 3 ትመጪያለሽ። “አክስቴ፣ ሆዴ ቶሎ ይታወካል፤ እዚያ ምን ልብላ፣ ምንስ ልተው?” ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይህን መመለስ ለእኔ ቀላል ነው፤ አርባ ዓመት ሰው ሳበላ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሌላም ጠይቀሽኛል። ኛን በመጨረሻዋ ቀን “የቀረሽ ጥያቄ ካለ ዳካር ያለችውን ጠይቂ” ብላሽ፣ ምን ለማለት ፈልጋ ነው ብለሻል። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሆድሽን እናስተካክል።

በሆቴሉ ቁርስ ብቻ ብዪ። ዳቦው ጥሩ ነው፤ ሌላው ግን ወጡ ሁሉ ቅቤና ዱቄት ስለሆነ ያስተኛሻል። ውሃ ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ ጠጪ። ከርከዴ፣ ቀዩ የአበባ መጠጥ፣ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን በረዶ የሚጨምሩበት ከየት ባመጡት ውሃ እንደሆነ ስለማይታወቅ እኔ ጋ እስክትደርሺ ታገሺ። እኔ አፍልቼ አቀዘቅዝልሻለሁ።

ጎዳና ላይ ስትወጪ ሰው ሁሉ በወሎፍ ያናግርሻል። አትደንግጪ። አንድ ጊዜ እዚያ አገራችን ሀይፎንግ ውስጥ አውቶቡስ በተሳፈርሽ ቁጥር ሰው ጸጉርሽንና ፊትሽን እያየ እንደሚንሾካሾክ ጽፈሽልኝ ነበር። ልጅ ሳለሽ ኛን በየወሩ ጸጉርሽን እስከ ሥሩ ትቆርጠው እንደነበርም። እዚህ ማንም ዞሮ አያይሽም። ዓሣ ሻጮቹ “እህቴ፣ ነይ እንጂ፣ ለምን ታልፊኛለሽ?” ነው የሚሉሽ። ወሎፍ አልችልም ብትያቸው “ኧረ ተይ! የማን ልጅ ብትሆኚ ነው ቋንቋሽን የረሳሽው?” ብለው ይስቁብሻል። ከምግቡ አስቀድሜ ይህን የምነግርሽ መንገድ ላይ ብቻሽን ሆነሽ እንዳይገርምሽ ብዬ ነው።

ሐሙስ ስትደርሺ ድካም ስለሚኖርብሽ ከበድ ያለ ነገር አትብዪ። ከሆቴልሽ ጀርባ አንድ ሊባኖሳዊ ሽማግሌ አሉ፤ ዓሣና ሽንኩርት የታሸገበት ሳምቡሳ መሰል ነገር ይጠብሳሉ። ሁለት ይበቃሻል። “ልየን ናት የላከችኝ” ካልሻቸው ሦስተኛውን በነፃ ይሰጡሽና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩሻል። ስሚያቸው፤ የሚሰማቸው የላቸውም።

ቅዳሜ ጎረቤቴ ዶና ዙልሚራ እጋብዛታለሁ ብላለች። አባቷ ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች የመጡ ናቸው። በቆሎና ባቄላ ከጎመን ጋር ከማለዳ ጀምራ ትቀቅላለች፤ ለሆድሽ ከእሱ የሚሻል የለም። የአሳማ ሥጋ ትጨምርበታለች። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ባሌ ቤት ሰው ሙስሊም ስለሆንኩ አልበላውም። “ልየን፣ ቅመሽ እንጂ፣ ማን ያይሻል?” ትለኛለች። “ሌላው ባያይ አሳን ያያል” እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስንሳሳቅ ኖረናል። አንቺ ግን እንደ ልማድሽ ብዪ።

እሁድ አሳን የበግ ጥብስ ይገዛልሻል። ጠባሾቹ ከኒጀር የመጡ ሐውሳዎች ናቸው። ሥጋውን በትልቅ ቢላ ከትክተው፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ጨምረው፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልለው ይሰጣሉ። ሰናፍጩን አታብዢ።

ኔሙ የእኔ ነው። ሥጋ ተሞልቶ የሚጠበሰው የእኛ ጥቅል እዚህ የአገር ምግብ ሆኗል። ሠርግ ቢሆን፣ የሕፃን ስም ማውጣት ቢሆን፣ ያለ ኔም አይሆንም። እኔና ሌሎች ከወታደር ባሎቻችን ጋር የመጣን ሴቶች ነን በየገበያው መሸጥ የጀመርነው። ብትቀምሺው ግን ላታውቂው ትችያለሽ፤ አሳማው ቀርቶ የበሬ ሥጋና ሽሪምፕ ገብቶበታል፣ ቃሪያውም በርትቷል። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ገበያ መሀል ቆማ አንዱን ከጎረሰች በኋላ “ቻይናዊቷ፣ የእኛን ምግብ ማን አስተማረሽ?” አለችኝ። “አማቴ” አልኳት። ምን ልበላት?

ዓርብ ግን የትም አትሄጂም። ስብሰባ ቢኖርም ፈቃድ ጠይቂ። ዓርብ ምሳ በእኔ ቤት ሩዝ በዓሣ ነው። ነጩን ትልቁን ዓሣ ራሴ ከጀልባው ላይ እገዛለሁ። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ተጠቅጥቆ፣ ከካሳቫ፣ ከካሮት፣ ከጥቅል ጎመንና ከደበርጃን ጋር በቲማቲም ይበስላል፤ ሩዙ በዚያው መረቅ ይቀቀላል። ሁላችን ከአንድ ትልቅ ሳህን ነው የምንበላው። ሩዙ የተሰባበረ ነው። አንቺ የምትሸጪውን ሩዝ ማለቴ ነው፤ እዚህ ሙሉውን አይወዱትም። በፈረንሳዮች ጊዜ ከአገራችን ሙሉውን እነሱ እየወሰዱ ስባሪውን ወደዚህ ይልኩት ነበር፤ ሰው ለመደውና ቀረ።

ይህን ምግብ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁበትን ቀን ልንገርሽ። ከዚያ ሌላው ጥያቄሽም ይመለሳል።

ጊዜው ኦክቶበር 1954 ነው፣ ቦታው ሀይፎንግ ወደብ። ኩፍኝ ይዞሽ ነበር። ባለቤቴ ቢራን ንዶይ፣ በፈረንሳይ ጦር የተቀጠረው የዚህ አገር ሰው፣ ሻንጣችንን ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ አንቺን ታቅፌ እከተላለሁ። የመርከቡ ሐኪም የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ፊትሽን አየና “ይቺ አትሳፈርም” አለ። ቢራን ለመነው፤ አልሆነም። “እንግዲያው እኔም እቀራለሁ” አልኩ። ኛን ልትሸኘን መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር።

“ስጪኝ” አለችኝ። “ኩፍኝ እንደሆነ አሥር ቀን ነው። ሲለቃት በሚቀጥለው መርከብ ከሌሎቹ ወታደሮች ሚስቶች ጋር እልካታለሁ።”

“አልሰጥም።”

“አንቺ ከቀረሽ ፈረንሳዮቹን ያሸነፉት ገብተው የውጭ ወታደር ሚስት ነሽ ብለው ነገ ምን እንደሚያደርጉሽ አታውቂም። ሆድሽ ውስጥ ያለውንስ አታስቢም?”

ሆዴ ውስጥ አሳን ነበር። ሰጠኋት። እጅሽ ኮሌታዬን አልለቅ ብሎ ኛን ጣቶችሽን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀቻቸው። አንድ ዓመት ከአራት ወርሽ ነበር።

በመርከቡ ላይ ወተቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ እያለብኩ ባሕር ላይ አፈስስ ነበር። በሚቀጥለው መርከብ ትመጪያለሽ ብዬ ነዋ። ሴቶቹ ያበድኩ መስሏቸው ነበር።

አማቴ ያይ ንጎኔ እዚሁ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ድምጿ ከማዕበሉ ይበልጥ ነበር። ገና ስታየኝ “ቢራን! እዚያ አገር ሥጋ የለበሰች ሴት ጠፍታ ነው ጥላዋን ይዘህ የመጣኸው?” ብላ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። ቋንቋውን ባላውቅም ሳቁ ገብቶኛል። ሳምንት ሙሉ ከዳቦና ከሻይ በቀር አልቀመስኩም። “ንቃን ነው” ይሉ ነበር አሉ። በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ነበር፣ ሳህኑ መሀል ላይ ቀርቦ ሁሉም ከበውት ሳለ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ። የቀሚሴ ደረት በወተት ራሰ።

ያይ ንጎኔ አየችኝና ወደ ልጇ ዞረች።

“ቢራን፣ ልጁ የት አለ?”

ቢራን አንገቱን ደፋ።

“ልጁ የት አለ ነው የምልህ!”

“እዚያ ቀረች፣ እማ። ታማ ነበር።”

“ቀረች? ልጅ እንደ ዕቃ ይቀራል እንዴ?”

ከቦታዋ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዓሣው ጉንጭ ላይ ያለውን ለስላሳውን ሥጋ አወጣች፤ አጥንቱን በጣቷ ለቀመች፤ ከሩዙ ጋር አድርጋ አጎረሰችኝ። “ብዪ” አለች። “ልጅሽ ስትመጣ ቆመሽ መጠበቅ አለብሽ።” ይህን ሁሉ የተረጎመልኝ ቢራን ነው።

በላሁ። ከሩዙ ሥር የከረመ ዓሣ ጣዕም ነበረው፤ እናታችን ጓሮ በእንስራ የምታስቀምጠው የዓሣ ጭማቂ ዓይነት። አፌ ውስጥ እንዳለ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ ያይ ንጎኔ ከሳህኑ ጥግ አንድ ቁራጭ ዓሣ ታስቀምጥና “ይሄ የወዲያኛዋ ነው” ትል ነበር። ማንም አይነካውም። ምሳው ሲያበቃ በበሩ ለሚያልፍ ሕፃን ትሰጠዋለች። በ1971 እስክትሞት ድረስ አንድ ዓርብ አልዘለለችም። ከዚያ ወዲህ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

የሚቀጥለው መርከብ ያለ አንቺ መጣ። ኩፍኙ ሳንባሽ ላይ ወርዶ ኛን ወደ ገጠር ይዛሽ ሄዳ እንደነበር ያወቅሁት ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ጦርነቱ መጣ፤ ደብዳቤ መላክ አደጋ ሆነ። በ1977 የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ሲደርሰኝ በሕይወት መኖርሽን ያነበብኩበትን መስመር አሳን ስንት ጊዜ እንዳስነበበኝ አይረሳውም። ከሥሩ እንዲህ ብላ ነበር፦ “እዚህ በወረቀትም በሰው አፍም ልጄ ናት። የማን እንደሆነች ቢታወቅ ኖሮ ትምህርት ቤትም አይቀበሏትም ነበር። የምትወጃት ከሆነ አክስቷ ሁኚ።”

ሆንኩ። ጸጸት የለኝም አልልሽም፤ ግን ትክክል ነበረች። ቦምብ ሲወርድ አንቺን በጀርባዋ አዝላ የሮጠችው እሷ ናት። የራሷን ድርሻ ሩዝ ላንቺ ሰጥታ ውሃ የጠጣችው እሷ ናት። ስለዚህ ቱየት፣ አንድ ቃል አለ፤ እሱን ለእኔ እንድትይልኝ አልጠይቅሽም። ያ ቃል የእህቴ የኛን ነው፤ ይዛው ሄዳለች፤ አልወስድባትም። ደግሞ ተናድደሽ ብትመጪ ወይም ጭራሽ ወደ እኔ ቤት ባትመጪ አልፈርድብሽም። ሆቴሉን አሳን ያውቀዋል፤ በሩ ላይ ግን ሳትፈቅጂ አይቆምም፤ አስምዬዋለሁ።

ቢራን በ1989 አረፈ። ጸጉርሽ የእሱ ነው። መቃብሩ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ከፈለግሽ እወስድሻለሁ፣ ካልፈለግሽ አልፈን እንሄዳለን።

አሁን መለስ ብዬ የጻፍኩትን ሳነብ አፈርኩ። ይህን ብዪ፣ ያንን ተዪ እያልኩ ይህን ሁሉ ገጽ ሞላሁ። አንቺ የምትወጂውን ግን አላውቅም። የማውቀው እስከ አንድ ዓመት ከአራት ወርሽ ያለውን ብቻ ነው፦ ጡት፣ ስኳር የሌለበት የሩዝ አጥሚት፣ በሹካ የተደቆሰ ሙዝ። ሙዙ ላይ ሎሚ ጠብ ካላደረግሁበት ትተፊው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ጨው ታበዣለሽ? የዓሣ ጭንቅላት ትወጃለሽ ወይስ ትጠየፊያለሽ? ስትታመሚ ኛን ምን ትሠራልሽ ነበር? ገና አራት ሳምንት አለ። ጻፊልኝ። ዝርዝር አድርገሽ፣ ትንሹንም ሳትተዪ ጻፊልኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። የምትሳፈሪበትን አየር ጸጥ ያድርግልሽ። የበላሽው ይስማማሽ።

ልየን