ከሰሌዳው ኋላ የሚቆም ሰው

እኔ መምህር ውድነህ ፈረደ፣ በሃይፋ ከተማ የኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ነዋሪ፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥቅምት 21 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ልቤ ቢደክምም ሐሳቤ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ ተናዝዣለሁ። ቃሌን የምትጽፈው የድሮ ተማሪዬ ሜራቭ ናት፤ እሷና ጎረቤቴ ወይዘሮ ያለምዘርፍ ምስክሮቼ ናቸው። ልጆቼ አቪና ኮኮብ ወራሾች ስለሆኑ እስክጠራቸው ድረስ ሳሎን ይቆያሉ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንዲቀንሱም ሜራቭ ሄዳ ነግራቸዋለች።

አንደኛ፤ ሥጋዬ ከባለቤቴ ከማንአለብሽ አጠገብ ይረፍ። ሰባቱ የሐዘን ቀናት እንደ ደንባችን ይጠበቁ። ከዚያ በኋላ ግን ኮኮብ ወደ ባሕሯ ትመለስ። እናቷ ባረፈች ጊዜ ዘመዶቻችን ዓመት ሳይሞላ በባሕር ዳርቻ መሳቅ ነውር ነው አሏት፤ እሷም ሰውን አክብራ ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለች። ትከሻዋ ተሳሰረ፣ እንቅልፏ ጠፋ። ለእኔ እንዲህ ያለ ሐዘን አልፈልግም። የሚጠይቅ ዘመድ ቢኖር፣ ያዘዝኩ እኔ ነኝ በሉት።

ሁለተኛ፤ ይህ ቤት ለሁለቱም ልጆቼ እኩል ይሁን። የደረጃው ብዛት በተሽከርካሪ ወንበር ለምትሄደው ለኮኮብ ስለማይመች፣ ሽጠው ቢካፈሉ አልቀየምም። መወጣጫ ያለው መኪናዬ የኮኮብ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቴን ለሜራቭ ልተውላት ነበር፤ ምስክር የሆነ ሰው ከወረሰ ኑዛዜው ይበላሻል ብላ ስለከለከለችኝ ዛሬውኑ በቁሜ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ዕዳ የለብኝም።

ሦስተኛውና ዋናው የኮኮብ ነገር ነው። ልጄ በሕፃንነቷ ከታመመች ወዲህ እግሮቿ አይታዘዟትም። በባሕር ላይ ግን ጋልሻን በሚሉት የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ በጎን ያሉትን እጀታዎች ጨብጣ፣ ከማንም እኩል ትሄዳለች። ይህ እንዲሆን አንድ ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሰሌዳውን ጭራ መያዝ አለበት። ማዕበሉን አይቶ በጊዜው ይገፋታል። ከቸኮለ ማዕበሉ ጥሏት ያልፋል፤ ከዘገየ ሰሌዳው በአፍንጫው ይደፋል። ይህን ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ጸደይ ሐኪም ሲከለክለኝ አሠልጣኟ ጌድዮን ተተካልኝ፤ እሱም በሚመጣው ክረምት ወደ ደቡብ ይዛወራል። ሰው ካልተገኘ ኮኮብ ባሕር መግባቷ ይቀራል።

አቪ ባሕር ይፈራል። አልፈርድበትም፤ ተራራ ላይ ከኖሩ ሰዎች የተወለደ ነው። በጅምሩ ዓመት አንድ ጊዜ ሊያያት መጥቶ ነበር። የዚያን ቀን ትምህርቷ መገልበጥ ነበር፤ ሆን ብላ ከሰሌዳው ወድቃ ራሷን ማውጣት። ጌድዮን አጠገቧ ቆሞ ይስቃል። አቪ ግን እህቱ ስትሰጥም አየና ከነልብሱ ከነጫማው ገብቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት በብብቷ ይዞ እየጎተተ አሸዋው ላይ አወጣት። “አዳንኳት ብለህ ነው? ትምህርቴን ነው ያቋረጥከው” አለችው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ አጠገብ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ኮኮብ ባሕር የምትገባበት ዓርብ በመጣ ቁጥርም ታስገድላታለህ እያለ እኔን ይወቅሰኛል።

እኔ ግን የዚያን ቀን ያየሁት ሌላ ነው። መዋኘት የማይችል ሰው ለእህቱ ብሎ እስከ አንገቱ ገባ። ከሰሌዳው ኋላ እንዲቆም የምፈልገው ይህን ሰው ነው።

ስለዚህ አቪ ከቤቱ ድርሻውን የሚያገኘው ዓርብ ዓርብ ከኮኮብ ጋር ባሕር ሲገባ ብቻ ይሁን ብዬ አስጻፍኩ። ወይዘሮ ያለምዘርፍ ይህን ሲሰሙ፣ “መምህር፣ ይህ ኑዛዜ ነው ወይስ ቅጣት?” አሉኝ። እኔም ልጆቹን አስጠራሁና ሜራቭ የተጻፈውን ሁሉ አነበበችላቸው።

መጀመሪያ የተናገረችው ኮኮብ ናት። “ድርሻዬ እንዳይቀርብኝ ብሎ የሚይዘኝ ሰው አልፈልግም። ሜራቭ፣ ሰርዢው።”

እኔም ይሰረዝ አልኩ፤ ተሰርዟል፤ በስርዙ ላይ ፈርሜበታለሁ። የአቪ ድርሻ ያለ ምንም ግዴታ የአቪ ነው።

አቪ ወደ እህቱ ዞረ። ቀጥሎ የተናገረው ለእኔ አልነበረም፤ ቢሆንም እንዲጻፍልኝ አዝዣለሁ።

“ዓርብ በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?” አላት።

“በጠዋት አንድ ሰዓት። ካረፈድክ አልጠብቅህም።”

“ቤሰደር፣ እሺ። መጀመሪያ ግን መዋኘት ታስተምሪኛለሽ።”

“በመገልበጥም ትፈተናለህ” አለችው።

እንግዲህ በሦስተኛው ቁጥር የማዝዘው ነገር የለኝም። የቀረውን ሁለቱ ይነጋገሩበት። ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ልክ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ መምህር ውድነህ ፈረደ (ፊርማ)

ሲናዘዙ ሰምተን፣ ሲፈርሙ አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
ወይዘሮ ያለምዘርፍ (ፊርማ)
ሜራቭ፣ ጸሐፊም (ፊርማ)