የጭራቆቹ ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ማታ 1 ሰዓት
ከማስተምርበት ከቡሬ ገባሁ። ት/ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜዬን ለሒሳብ ሰጥተውታል። አልተከራከርኩም፤ ደክሞኛል።

ቤት ሌላ ጉድ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው መጽሔቶቼን አይተዋል። ተማሪ ሳለሁ አ.አ. ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የለቀምኳቸው የፈረንጅ አስፈሪ የሥዕል ተረቶች። ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ ከመቃብር የሚነሣ ሬሳ። «ዓርብ ስመጣ ተቃጥለው ይቆዩኝ» ብለዋል። አባባ እሺ ብለው ሸኟቸው። ይህ ከፋኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ንጋት
መኪና ከመያዜ በፊት አንዱን ገለጥኩ። ሽፋኑ ላይ ረግረግ ውስጥ የቆመው ጭራቅ። አረንጓዴ ይመስላል፤ ቀረብ ብለሽ ስታዪው ቡኒና ሐምራዊ ተደራርቦ ነው። የውስጥ ገጾቹ ጥቁርና ነጭ፤ ጨለማው ሁሉ የቀጭን መስመር ሥራ። የጭራቁ ዓይኖች ግን! ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ለማን ልንገር? ሰው የሚያየው ቀንዱን ብቻ ነው።

አባባን ከንስሐ አባታችን ጋር እንዲያስታርቁኝ ለመንኳቸው። ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቢያንስ እሳቸው ይረዱኛል። ላስብበት አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አባባ በረንዳ ላይ፣ መጽሔቶቹ በፊታቸው፣ ብሩሻቸው እርጥብ። የሁሉንም ጭራቅ አንድ አንድ ዓይን በጥቁር ቀለም ደፍነዋል።

በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ርኩስ በአንድ ዓይን ይሳላል። ፈረንጁ ሠዓሊ ሳያውቅ ተሳስቷል ብለው አርመውለታል። የንስሐ አባታችንም አይተው፣ አሁን ሥርዓት ያዘ፣ አይቃጠል ብለው ሄደዋል።

ልጮህ ፈለግሁ። ገብቼ አለቀስኩ። ከእሳት አወጡልኝ፣ አበላሹብኝም። ላመሰግናቸው አልቻልኩም። ልቆጣቸውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ረፋድ
ት/ቤት የለም። ከአልጋ መነሣት አስጠላኝ። አባባ የረግረጉን ጭራቅ ይዘው መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የቀረውን ዓይን ብዙ ሲያዩ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይህ ሠዓሊ የዓይኑን ውሃ እንዴት አድርጎ አመጣት? እኔ ስንት ዘመን የእመቤታችንን እንባ ስስል እንዲህ አልረጠበልኝም» አሉ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ «ያየሁት አንደኛውን ከደፈንኩት በኋላ ነው።»

ንዴቴ አልወጣልኝም። ግን ብሩሹን አጥቤ አመጣሁ። የዓይኑን ውሃ አሠራር አሳያቸዋለሁ። ነጭ ቀለም፣ በጣም ትንሽ፣ ከታችኛው የዓይን ቆብ ጥግ ላይ። እጃቸውን እኔ እይዝላቸዋለሁ።