ሻጩን ጭኖ መንዳት

ልጄ ዋሊድ፣

አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የነካኸውን ሁሉ ይባርክልህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ የአርባ ቀን ሰደቃ በደንብ አለፈ፤ ከኩርሙክ ሳይቀር ሾፌሮች መጥተው ነበር። አሶሳ ዝናቡ ጀምሯል፣ በቆሎውም በቅሏል። ይህን የሚጽፍልኝ ወንድምህ ማህጁብ ነው፤ ትምህርት ቤት ውሎ መጥቶ።

አንዱን ልትገዛ ያሰብካቸው የሁለቱ መኪኖች ፎቶ ደርሶናል። አንደኛው በተራ መኪና ላይ የውድ እሽቅድድም መኪና አካል የተገጠመለት ነው አሉኝ። ሌላው አሮጌ ነው፣ ግን እውነተኛው የእሽቅድድም መኪና ነው። "ጣሪያውን ማን ገነጠለው?" ስል ማህጁብ "እማ፣ ሲፈልጉ የሚከፈት ነው እኮ" ብሎ ሳቀብኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነው።

አባትህ ፒክአፕ ሲገዛ ቀለሙን አይቶ አያውቅም። ሻጩን ከኋላ ጭኖ በኮረኮንቹ መንገድ ይነዳል፤ ሻጩ "ኧረ ቀስ በል!" ብሎ ከጮኸ መኪናውን ትቶለት ይመጣል። አንተም ሻጮቹን ከጎንህ አስቀምጠህ ንዳ፤ የአራት ዓመት ልፋትህ ነው። ለእኔ ግን አሮጌው ይሻላል። ያኛው ቢበላሽ ምኑ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?

ጤና ይስጥህ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከእንግዲህ በአባትህ ስልክ አትላክ፤ በማህጁብ ላክ። ያ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይህ ልጅ አባቱን ሊጠራ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። "ይህን አልጽፍም" አለኝ። ጻፍ አልኩት።

እናትህ ብኸይታ