የቦቂት ጨው

ውድ ወንድሜ ሰውአገኝ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ፋሲካና ልጆቹስ? ማክሰኝት ላይ የእህሉ ገበያ ደርቷል ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ስፌቱም አለ፣ የአዘዞ ጭቃም አለ። ከጳጉሜ ወዲህ ስንት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አንዴም አላነሳህም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤውን ሚስትህ ፋሲካ በእጇ ትሰጥሃለች። መቅደድ ከፈለግህ አንብበህ ቅደደው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ጳጉሜ ላይ በሩፋኤል ዕለት፣ እዚያ አያ አላምረው መንደር ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ምንጩ አጠገብ በተቀመጡበት፣ አንተ ውሃህን ጠጥተህ ባዶውን ሃይላንድ ወደ ገደሉ ወረወርክ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሳማው እግሬን እየለበለበኝ ወርጄ አመጣሁትና እግርህ ሥር አስቀምጬ «ዕቃህ ወድቆብሃል» አልኩህ። ሰው ሳቀ። ልጅህ ወለላም ሳቀች። አንተ ግን ፊትህ ጠቁሮ «እታለም፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ። ከእንግዲህ ጳጉሜ ላይ እዚህ አታዪኝም» ብለህ በነጋታው ቤተሰብህን ይዘህ ወረድክ። ጥሩ አላደረግኩም። ታላቅ እህት ታናሿን ለብቻው ትመክራለች እንጂ ባደባባይ አታሳቅበትም። ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።

ጠርሙሱን ስለማንሳቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ምክንያቱን ነው ልነግርህ የተቀመጥኩት፤ ያን ጊዜ ልነግርህ ስላልቻልኩ።

ታስታውሳለህ፣ አባባ በሕይወት ሳለ ሌላው ሰው ለዕረፍት ባሕር ዳር ሲወርድ እኛን ሽቅብ ወደ ብርዱ ይነዳን ነበር። አምስቷን የጳጉሜ ቀን በየዓመቱ ከዳባት በላይ፣ ወንድሙ አያ አላምረው ቤት። አባባ ካረፈ በኋላም አላቋረጥንም። የሚያስቀው፣ አባባ ሲሄድ ለእኛ ስንቅ ይርሳ እንጂ ለወንድሙ ከብቶች ጨው አይረሳም፤ በዚያ በሚገማው አቁማዳ ይዞ፣ አቁማዳውን ለአያ አላምረው ያስረክብና ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ከሱ በኋላ ጨው መውሰዱ የእኔ ድርሻ ሆነ። አቁማዳው ልብሴን አገማብኝ ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ። በፌስታል መውሰድ ጀመርኩ።

ቦቂትን ታውቃታለህ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ አያ አላምረው እንደ ሰው የሚያናግሯት የወተት ላም። ከባለፈው በፊት በነበረው ጳጉሜ ጨዉን ሳህን ላይ መገልበጥ ሰንፌ ከነፌስታሉ ያዝኩላት። አፍንጫዋን ከትታ ላሰችው። ልጆቹ ሲስቁ እኔም ወድጄው ደጋገምኩት፤ አምስቱንም ቀን ከፌስታል አላስኳት። ልንመለስ ስንል የአሥራ አራት ሰው ፌስታል፣ ከነዳቦውና ከነብስኩቱ መጠቅለያ፣ ጠቅልዬ ከአጥሩ ጀርባ የጣልኩትም እኔ ነኝ። «ምን እናድርገው?» ብላ የጠየቀችኝ ፋሲካ ናት። «ዝናቡ ይወስደዋል» አልኳት።

ግንቦት ላይ እትዬ የትነበርሽ ባላቸውን አያ አላምረውን ቤት ትተው ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር መጥተው እኔ ጋ ሰነበቱ። አንድ ቀን ለልጆቹ ወተት ሳፈላ አዩኝና «እኛ እንኳ ከኅዳር ወዲህ ወተት የለንም» አሉኝ። ምነው? ስላቸው ማምለጫ አጡ። ቦቂት ከዚያ ጳጉሜ በኋላ ፌስታል ባየች ቁጥር ጨው እየመሰላት ትበላ ነበር። ኅዳር ላይ ሆዷ ተነፍቶ ማመንዠክ አቆመች። አያ አላምረው ሦስት ቀን አጠገቧ ቆመው፣ በመጨረሻ ሳትሞት በቢላዋ ደረሱላት። ጨጓራዋ ሲከፈት የሰው ራስ የሚያህል የተድበለበለ ፌስታል ወጣ። ከመሃሉ አበባ የታተመበት ቢጫ ነበር አሉኝ። ያ ቢጫ እኛ ሰፈር ካለው ዳቦ ቤት ሌላ የትም የለም፤ ጨዉን የያዝኩበት እሱ ነው።

እትዬ የትነበርሽ ይህን ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። «አላምረው ከሰማ እኔን ነው የሚጣላኝ፤ ለእናንተ እንዳይነገር ብሎ የጎረቤቱን አፍ ሁሉ ዘግቷል» አሉኝ። የሰው ላም፣ ያውም ቤቱን በወተት የያዘችውን፣ በስጦታ ገድዬ መጥቼ «ሸጋ ዕረፍት ነበር» እያልኩ ሳወራ ነበር የከረምኩት።

እንግዲህ ያለፈው ጳጉሜ ሕጌ ከዚህ የመጣ ነው። ከቀሚስ ቁርጥራጭ ለእያንዳንዱ ሰው ከረጢት ሰፋሁ። ዳቦው በአገልግል፣ ቆሎው በጨርቅ፣ ውሃው ፈልቶ በጀሪካን፣ ጨዉ በአቁማዳ እንዲሆን አዘዝኩ። ሁለት ሚኒባስ በኮንትራት ከምንይዝ እንደ ሰዉ በአንድ አውቶቡስ እንሂድ፣ የወሰድነውን ሁሉ ይዘን እንመለስ አልኩ። ለምን? ስትሉኝ ግን መሐላው አፌን ያዘኝ። ምክንያት የሌለው ሕግ ደግሞ ንዝንዝ ነው። አንተም «እታለም ተሹማለች አሉ፤ የቆሻሻ ሚኒስትር» ብለህ ቤቱን በሳቅ ገደልከው። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን አልሳቀም።

አውቶቡስ ተራው ላይ አራት ካርቶን ሃይላንድ አሸክመህ ስትመጣ ደሜ ፈላ። «ይህ ካርቶን እዚህ መኪና ላይ አይወጣም» አልኩ፤ አንተም ሹፌሩን ለምነህ ከላይ አስጫንከው። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ፋሲካ የነገረችኝ፦ ወለላ በፊተኛው ጳጉሜ የመንደሩን ውሃ ጠጥታ ተመልሳ በታይፎይድ ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር። ለካ አንተም ሳትናገር የያዝከው ምክንያት ነበረህ። ሁለታችንም የአባባ ልጆች ነን፤ የሚያመንን ነገር ዋጥ አድርገን በሌላ ነገር እንጣላለን።

አሁን የሚመጣውን ደግሞ ማንም አልሰማውም። አንተ በወረድክ ማግሥት መሐላውን አፈረስኩት። ንስሐ አባቴ የሰጡኝን ስግደት እየሰገድኩ ነው፤ ስለሱ አታስብ። ጠዋት አያ አላምረው ከአጥሩ ሥር ለቦቂት ጥጃ ሣር ሲያጭዱ አገኘኋቸውና «አያ፣ ቦቂትን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ማጭዳቸውን አላቆሙም። «የትነበርሽ ናት የነገረችሽ። አፏ ወንፊት ነው» አሉ።

«ምነው ሳይነግሩን?»

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብነግራችሁ ታፍራላችሁ። ካፈራችሁ ትቀራላችሁ። ወንድሜን ቀብሬ ልጆቹንም ልቅበር እንዴ? ላም ትወለዳለች፣ ልጄ።»

ሰውአገኝ፣ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ማልቀሴ አሳፍሯቸው ለጥጃዋ ሣር ይሰጣሉ፣ ሣሩን መልሰው ይነጥቋታል፣ እንደገና ይሰጣሉ። ቆየት ብለው «ሰውአገኝስ? ምነው ሳይሰናበተኝ ወረደ? ያስቀየምኩት ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ ሥራ ጠርቶት ነው» ብዬ ዋሸኋቸው።

«ሸጋ። ሥራ ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ ግን ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጠው የወረድክበትን መንገድ ሲያዩ ቆዩ።

እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ድሮዬ አልመለስም። ስትሄድ የመታህ ድንጋይ ስትመለስ ቢደግምህ ድንጋዩ አንተ ራስህ ነህ ይባል የለ? እህሉ ተወቅቶ ሰዉ እፎይ ሲል፣ ጥር ላይ፣ አንድ ሳምንት ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ። ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ገደል ከላይ እስከ ታች እለቅመዋለሁ። ለብቻዬም ቢሆን። እዚያ ካለው ግማሹ የእኛ የስንት ዓመት ሽርሽር ነው፤ የመንደሩ ሰው እንግዳ ላለማስቀየም ብሎ ዝም አለን እንጂ። የለቀምኩትን ይዤ ወርጄ ጎንደር እጥለዋለሁ። ሰፈሩ «ዝናሽ አበደች» ይበል፤ አንተም በለኝ፤ ግድ የለኝም።

የጳጉሜው ሕግም እንዳለ ይቆያል። ፌስታል አይወጣም። በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን፤ መኪናው የሚያቅለሸልሽህ እንደሆን መስኮቱን ለአንተ እለቅልሃለሁ። ለወለላ ውሃዋን ፋሲካ ራሷ እያየች፣ ሃያ ደቂቃ አፍልተን በኮዳ እንይዝላታለን። እሱንም ካላመንክ፣ የልጅ ነገር ነውና ይገባኛል፣ ካርቶንህን ይዘህ ና። ባዶውን ግን አንድ ሳይቀር ቆጥረህ ይዘኸው ትወርዳለህ። ከዚህ በላይ አልለቅልህም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አያ አላምረው መምጣት እንዳናቋርጥ ብለው የላማቸውን ሞት ዋጡ። ጎረቤት አስማሉ፤ እንግዳ ሆነን ስንመጣ ለልጆቻችን ወተት ከሰው ቤት ለምነው አጠጡ፤ የጠጣነው የሌላ ላም ወተት ነበር። ያ ሁሉ አንድም ሰው ሳይጎድል እንድንመጣ ነው። አንተ ደግሞ በእኔ አፍና በአንድ ባዶ ጠርሙስ ቀረህባቸው። እኔን ተቀየመኝ፤ ስትፈልግ ዓመት ሙሉ አታናግረኝ። እሳቸው ግን ለእኛ የሚከፍሉት ሌላ ላም የላቸውም።

ቅዳሜ ዳባት ገበያ ይወርዳሉ። ከሰው ስልክ ሊደውሉልህ ቁጥርህን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የማታውቀው ቁጥር ሲሆን አንሳው። ስለ ቦቂት አታንሳባቸው፤ እንዳወቅህ እንዳይሰማቸው። እኔ እንደጻፍኩልህም አትንገራቸው። «እመጣለሁ» ብቻ በላቸው።

እህትህ ዝናሽ
አዘዞ፣ ጥቅምት