መልስ ያልሰጡት አባባ ሰይድ

መካነ ሰላም፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርጌ እሑድ ነው። ከተጠሩት ዘመዶች ሁሉ እስከ ዛሬ ጠዋት ድምፃቸውን ያላሰሙኝ የወግዲው አባባ ሰይድ ብቻ ነበሩ። የሟች አባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። በቤታችን ድግስ በኖረ ቁጥር ለእስላም እንግዶቻችን የሚያርዱትም፣ ብሉልኝ ጠጡልኝ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ጥሪውን በልጃቸው ስልክ ነበር የላክሁት። ሰው ልኬ ባለማስጠራቴ ተቀይመው ይሆን እያልሁ ስብሰለሰል ሰነበትሁ።

እማዬ "አስታውሻቸው እንጂ" አለችኝ። ግን ትልቅ ሰው እንዴት ተብሎ ይታወሳል? ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ አጠፋሁት። በመጨረሻ "አባባ፣ ለማስታወስ ያህል ነው፤ እሑድ ይመጡልን ይሆን?" ብዬ ላክሁ።

ወዲያው ደወሉ። ቆጣ ብለዋል።

"ምነው ልጄ! ከገዛ ቤቴ ድግስ ትመጣለህ ወይ እባላለሁ? እንግዳ አደረግሽኝ?"

"አፉ ይበሉኝ አባባ። ዝም ሲሉብኝ ጊዜ ጨነቀኝ።"

"ሰው ስጠራ ነዋ የከረምሁት! ኢንሻ አላህ ቅዳሜ በጉን ይዤ እደርሳለሁ።"

እፎይ! ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። እንባዬም መጣ። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን "አንድ ሚኒባስ አልበቃንም፤ ሁለት ይዘናል" አሉኝ።

አንድ ሰው ቀረብኝ ብዬ ስጨነቅ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣልኝ። ብቻዬን እስቃለሁ። ለእማዬ ግን እስካሁን አልነገርኋት…