በግሩፕ ላይ ያዋረድኩት ሰው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ፍሪጅ ስጠግን ዋልኩ። ሞተሩ አላርፍ ብሎ አትክልቱ ሁሉ በረዶ ሆኗል። ከፍቼ ባየው ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ታልፎ በሽቦ ቀጥታ ተገናኝቷል። ማን ነካው ብል "ረጅሙ" የሚሉት ጠጋኝ ነው አሉኝ። በዚሁ ስም የጠጋኞች የቴሌግራም ግሩፓችን አባል ነው፤ በአካል አንተዋወቅም። አድሚኑ እኔ... ፎቶ አንስቼ ከነስሙ ለጠፍኩት። "የረጅሙ እጅ ሥራ፤ እንማርበት" ብዬ። እስኪመሽ ሲሳቅበት ዋለ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ረጅሙ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" ትሕትናው አናደደኝ። እሱንም ለጠፍኩት፤ "አቤቱታ ደርሶናል" ብዬ። አንድ ሽማግሌ አባል ብቻ የሰው የግል መልእክት እንዲህ አይደረግም አሉ። አላነሳሁትም። ረጅሙ ከግሩፑ ወጣ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አዲሱን ቴርሞስታት ልገጥም ተመለስኩ። ወጥ ቤቷ ድንች እየላጠች እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ያኔ ፍሪጁ ቆሞ ሥጋው ሊበላሽ ደርሶ፣ ቴርሞስታቱ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ረጅሙ ለአንድ ሌሊት ብቻ ብሎ አገናኘው። ዕቃውን አግኝቶ ሲመጣ የምግብ ቤቱ ባለቤት "እየሠራ አይደል እንዴ" ብሎ መለሰው። አሁን ደግሞ ከሰው የደረሰውን ፎቶ አይቶ፣ ሁለተኛ እንዳትጠሩት ብሏል።

"ከእንግዲህ አንተ ነህ አሉ የምትመጣው" አለችኝ።

ደንበኛውን ነጠቅኩት ማለት ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ፎቶውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው... ስንት ቦታ ተበትኗል። ለረጅሙ በውስጥ መስመር ይቅርታ ላክሁ። አላየውም። ሚስቴ ግን አየችብኝ።

"አደባባይ አዋርደህ፣ ጓዳ ገብተህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?"

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። የምገባበት ጠፋኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ግሩፑ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" የምትለዋ አልወጣ ብላኝ አሥሬ ጽፌ አሥሬ አጠፋሁ። አድሚንነቱን ለሽማግሌው አስረከብኩ። ለምግብ ቤቱ ባለቤትም ደወልኩ፤ ጥፋቱ የረጅሙ አይደለም፣ እሱኑ ጥራው ብዬ። እኔ የሚሠራልኝን ነው የምፈልገው፣ የእናንተን ነገር እናንተ ጨርሱት አለኝ።

ረጅሙ ግሩፑ ውስጥ የለም፤ አያነበውም። ሄጄ መንገር አለብኝ... በምን ዓይኔ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አጠያይቄ የረጅሙ ሱቅ ሄድኩ። ለካ አጭር ሰው ነው፤ ትከሻዬ ላይ እንኳ አይደርስም። አንዲት ሴትዮ ያነጋግራል። ማንነቴን ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝ። ሴትዮዋ ፊት ልናዘዝ አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "የሙያ ጓደኛዬ ነው" አላት።

ፍሪጇ ዛሬውኑ ይታይልኝ ትላለች፤ እሱ ደግሞ ሥራ ይዟል። ወደ እኔ እያየች ጠየቀችው።

"እሳቸውስ ይችላሉ?"

እጁን የጠረገበትን ጨርቅ አጣጠፈ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

"ሥራውን ይችላል" አላት።

ስትወጣ ይቅርታ ጠየቅሁት። እስክጨርስ ሰማኝ። "እሺ" አለ፤ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለም። የሴትዮዋን አድራሻ ጽፎ ሰጠኝና ወደ ሥራው ዞረ።