የሴሎችን መኝታ ሲያለሰልሱ የኖሩት የታላቅ እህታችን የሕይወት ታሪክ

እኛ ቤት ውስጥ «እትዬ» የምንላቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ «እማማ ጄሊ» የሚሏቸው ታላቅ እህታችን ከፍራሽ ሠሪው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ ንጽህና ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ኅዳር 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ከአጥንት ሙጫ አወጣለሁ ብለው የእናታችንን ትልቁን ድስት አሳረሩት። እናታችን በቁጣ ሲነሡ አባታችን፣ «ቆይ እስቲ፣ ድስቱስ ይተካል፤ ሙጫው ይይዛል ወይ?» አሉ። ሙጫው ያዘ። የተሰበረ ወንበራችን በዚያ ሙጫ ተጣብቆ ብዙ ዘመን አገለገለን።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ አጠኑ፤ በ1968 ዓ.ም. ተመርቀው በሙጫ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «ደህናውን ሰዓት ሦስት ጊዜ ለጥገና ያመጣችው እኔን ብላ ነው» ይላሉ። እትዬ ግን «መጀመሪያውኑ በደንብ አልሠራውም» ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል።

በ1976 ዓ.ም. ቲሹ፣ ማለትም ከሕመምተኛ የተቆረጠ የገላ ናሙና፣ የሚመረምሩ አንድ ሐኪም ወደ ፋብሪካው መጥተው፣ እንደ ሰው ገላ የሚለሰልስ ሙጫ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ሐኪሙ ያስቸገራቸው ነገር ቅድመ ካንሰር ነበር፤ ሴሎች ገና ካንሰር ሳይሆኑ ጠባያቸው መለወጥ ሲጀምር ማለት ነው። ሐኪሙ ሴሎቹን በደረቅ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲያሳድጓቸው ይብስባቸዋል፤ በለስላሳ ነገር ላይ ሲያስቀምጧቸው ግን አንዳንዶቹ ሰከን ይላሉ። እትዬ በዚያው ሳምንት የሥራ መልቀቂያ አስገብተው ወደ ሐኪሙ ላቦራቶሪ ገቡ። ሦስት ክንድ በማትሞላ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጉበት፣ እንደ ጡት፣ እንደ ምላስ የሚለሰልሱ፣ ጄል የሚባሉ ዝልግልግ ሙጫዎችን ሲያፈሉ ኖሩ። የጄሎቹን ልስላሴ የምትለካውን ቀጭን መርፌ የሠሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ከአሮጌ የሰዓት ዕቃ።

አንድ ጊዜ ትልልቅ እንግዶች ላቦራቶሪውን ሊጎበኙ መጥተው ሥራቸውን በአጭሩ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። እትዬም፣ ኀዘንተኞች ይቅር በሉኝና፣ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባል የለ? እኛ ጊደሯን ለማረድ አንቸኩልም፤ ውሎዋን እንቀይርላታለን» አሉ። እንግዶቹ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ነገሩ ገብቷቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. እኔ፣ ይህን የምጽፈው አስተማሪዋ ታናሽ እህታቸው፣ ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ወጣብኝ። ምርመራው ቅድመ ካንሰር ነው አለ፤ ቶሎ ተቆርጦ ይውጣ ተባለ። በዚያው ሰሞን የእትዬ ጄል የሃያ አይጦች ምላስ ላይ ተሞክሮ በአሥራ ሦስቱ ላይ ቁስሉ ጠፍቶ ነበር። ላቦራቶሪያቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ ለአይጥ የሰጠሽውን እኔን ትነፍጊኛለሽ?»

«አይጧ ብትሞትብኝ ሌላ አመጣለሁ። አንቺን ከየት አመጣለሁ? ሂጂ ተቆረጪ።»

ተቆረጥኩ። ለወራት ንግግሬ ተኮላተፈ፤ ተማሪዎቼ ፊት መቆም አፈርኩ። እትዬንም አኮረፍኳቸው። በራችንን ሲያንኳኩ አልከፍትም ነበር፤ ደጃፍ ላይ ሾርባ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ሾርባውን እጠጣለሁ፣ ኩርፊያዬን ግን አልተውም። እንዲህ ሆነን አሥራ አራት ወር ቆየን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዘው መጡ፤ በመስኮት ሳያቸው ፊታቸው ልክ ስላልነበረ ከፈትኩ። ከዳኑት አሥራ ሦስት አይጦች በአምስቱ ላይ ቁስሉ ተመልሷል፤ በሁለቱ ደግሞ ከጄሉ ሥር ተደብቆ ካንሰር ሆኗል። «ይኸው፣ ልክ ነበርሽ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቄ መስሎሽ? አላወቅሁም ነበር። የፈራሁት ስላንቺ ነው እንጂ፣ በሥራዬማ ተማምኜ ነበር።» ከዚያ በኋላ አብረን አለቀስን፤ አብረንም ሾርባ ጠጣን።

ያንን ውጤት ሳይሸሽጉ በስማቸው አሳተሙ። የሚያሞግሷቸው ሰዎች ቀነሱ፤ እሳቸው ግን ጄሉ ቶሎ እየሟሟ ሴሎቹን ሜዳ ላይ እንደሚጥላቸው ደርሰውበት፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ለመሥራት አሥር ዓመት ፈጀባቸው። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ጠረጴዛቸውን አልለቀቁም። በቀጣዩ ዓመት፣ ቀላል ቁስል ባለባቸው አሥራ አራት ፈቃደኞች ላይ፣ ቀዶ ሐኪም ከጎናቸው ሳይለይ፣ ሙከራው ተጀመረ።

እትዬ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለፈው መጋቢት ተማሪያቸው የነበረችው ኬሚስት የሙከራውን ውጤት ይዛ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት፣ የተኙበት ክፍል ገባች። ገና አፏን ስትከፍት፣ «በመጀመሪያ ያልዳኑትን ንገሪኝ» አሏት። «አምስት» አለች። የአምስቱን ሁኔታ አንድ በአንድ አስነበቧት፤ ሁሉም በጊዜ ቀዶ ሕክምና ማግኘታቸውን ሲሰሙ ትራሳቸው ላይ ደገፍ አሉ። «በይ አሁን» አሉ፣ «ዘጠኙን ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ልፋታቸውን ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ለሸኛችኋቸው ሁሉ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።